የግራ ጭን ልክ

በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት ክፉ ነበሩ። መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይመጣ ነበር። ደንበኛ ቀነሰ። ልብስ ሰፊው ማሽኑን በእግሩ እየረገጠ ሠራ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ብርዱ ሊያልቅ ሲል የታላቅ ልጁ ግራ ጭን ማበጡ ታየ። ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ። ሳርኮማ ነው ተባለ፤ እንደ ጡንቻና ስብ ካሉ የሰውነት ክፍሎች የሚነሣ ካንሰር።

አሁን ልጁ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የሳንባው ምርመራ ውጤት ነገ ይነገራል። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቱ ማሽን ይንቀጫቀጫል።

«ሜትሬ፣ ነይማ» አለ።

እህቱ ገባች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው። እሷም ለቅጥነቱ «ሽቦ» ትለዋለች። ሰሞኑን ግን ስሙ ካፏ አልወጣ ብሏት ነበር።

«ሐኪሟ ስንት አለች?»

«ምኑን?»

«አትሸውጂኝ፣ ነቄ ነኝ። ከመቶ ስንት ሰው ይተርፋል አለች? የአባዬ ጆሮ አንቺ ነሽ።»

እውነት ነው። ማሽኑ የአባታቸውን ጆሮ አደንቁሮታል። ትናንት ልጁ ለምርመራ ሲገባ እሷ ከአባቷ ጋር ሐኪሟ ፊት ተቀምጣ፣ የሰማችውን ጮክ ብላ ትደግምለት ነበር። በሽታው ካልተሠራጨ፣ ከመቶ ሕመምተኛ ሰማንያ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሳንባ ከደረሰ ግን ሃያ አይሞሉም።

«የኔ ልጅ ከየትኛው ነው?» አለ አባቷ።

«ገና አላውቅም፣ አባት» አለች ሐኪሟ። «ቁጥሩ የብዙ ሰው ነው። የሽማግሌውም፣ የወጣቱም፣ ከዓመታት በፊት የታከመውም። የእሱን ለመናገር ሌላ ነገር ማየት አለብኝ። ዕጢው ምን ያህል ትልቅ ነው፣ ምን ያህል ጠልቋል፣ ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ሴሎቹ ቶሎ ይራባሉ ወይ፣ ቀዶ ሐኪሙስ ዙሪያውን አጽድቶ ሊያወጣው ይችላል ወይ።»

«እንደ ገበያ ልብስ ነው በሉኛ። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ለአንድ ሰው ተብሎ አልተሰፋም።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ልክ ባይሆንም ከራቁት ይሻላል» አለችው። ከዚያ ብዕሯን አነሣች። «መቼ ጀመረው?»

«ወር ቢሆነው ነው። ኳስ መታኝ ይላል።»

ሐኪሟ «አንድ ወር» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ዝም አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ፣ «ቁጥሩን እንዳትነግሪው። ውጤቱ እስኪመጣ ልቡ ይረፍ» አላት።

«አባዬ ከልክሎኛል» አለች አሁን፣ የሜትሩን ጫፍ እየጠቀለለች።

«እንግዲያው ዕዳሽን ክፈይ።»

ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ሙሽራ ኮት በካውያ አቃጥላ ነበር። ወንድሟ «እኔ ነኝ» ብሎ ተቀጣላት። የዕረፍቱን ወራት በሙሉ ኳስ በእግሩ አልነካም። ከዚያ ወዲህ ካልሲ ብታጥብለት፣ ማስታወሻ ብትገለብጥለት፣ «ይሄ ወለዱ ነው፤ ዋናውን ለትልቅ ነገር አስቀምጬዋለሁ» ይላታል። ሁልጊዜ እየሳቀ ነበር። አሁን አልሳቀም።

ዘጠና ብትለው ያምናት ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። መልሳ ዋጠችው።

«ሰማንያ» አለች። «ካልተሠራጨ። ሳንባ ከደረሰ ሃያ አይሞላም። ግን ቁጥሩ የብዙ ሰው ነው፤ ያንተን ገና አላውቅም ብላለች።»

ልጁ ጣራውን አየ።

«ሰማንያ ፈተና ላይ እንኳ አግኝቼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አላለቀም» አለችና ከመሳቢያው የልክ ደብተሩን አመጣች።

አባታቸው አንድ ጭን ብቻ ለክቶ አይተውም። «የሰው ግራና ቀኝ እኩል አይደለም» እያለ ሁለቱንም ያስጽፋል። ከአምስት ወር በፊት፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ለደንብ ልብሱ የወንድሟን ልክ ብቻዋን የወሰደችው እሷ ናት። ቀኝ ሃምሳ ሁለት ሴንቲ። ግራ ሃምሳ አምስት። ሜትሩ የተንሸራተተባት መሰላት። አባቷ እንዳይስቅባት በእርሳስ የጻፈችውን በላጲስ አጥፍታ ሃምሳ ሁለት አደረገችው። ሱሪው ተሰፍቶ ግራውን ሲይዘው ደግሞ ስፌቱን ተርትራ በድብቅ ሰፋ አደረገችለት።

ገጹን ገልጣ ሰጠችው። ላጲሱ ወረቀቱን አሳስቶታል፤ ሃምሳ አምስቱ ከሥር ይታያል።

«ወር አይደለም፣ አምስት ወር ነው» አለች። «ያኔ ትንሽ ነበር። ያኔ ብናገር ኖሮ...»

ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዞረው። «ያኔ አውቀሽ ነበር?»

«ስህተቱ የእጄ መሰለኝ።»

«ስፌቱን ስትተረትሪስ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ማሽኑ ቆመ፤ እንደገና ቀጠለ።

«እኔም በጣቴ አግኝቼው ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሱሪው በፊት። አያምማ። ከኳስ ቡድኑ እንዳይቀንሱኝ ብዬ ዝም አልኩ። ምንም ኳስ አልመታኝም።»

ደብተሩን መለሰላት።

«በይ ለኪኝ» አለ።

ተንበርክካ ሜትሩን አዞረችበት።

«የሜትሩ ብረት ቀዘቀዘኝ፣ አንቺ!»

«ዝም በል፣ ሽቦ። አትንቀሳቀስ።»

ቀኝ ሃምሳ አንድ። ግራ ስድሳ። ፈትታ እንደገና ለካች። ያው ስድሳ።

«ነገ ደብተሩን ለሐኪሟ እሰጣታለሁ» አለች። «ዛሬ ማታ ደግሞ ለአባዬ አሳየዋለሁ።»

«ይቆጣሻል።»

«ይቆጣ።»

እርሳሷን ስትፈልግ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ዘረጋላት።

«የኮቱ ዕዳ አለቀ» አለ። «በዚህ ጻፊው።»

ቀኑን ጻፈች። ከሥሩ፣ ግራ ስድሳ።