ከድልነሳ ጀርባ የቆሙት

የዘለምባ የድንጋይ ደወል ምርጫው ሊደረግ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀረው ከመስቀያው መጥፋቱ ታወቀ። በዚያው ሳምንት የአርጎ ወንዝ ደም መስሎ ወረደ፤ ሦስት ጥንብ አንሳዎች ከመቆሚያው ሜዳ በላይ ሲዞሩ ዋሉ፤ አምስቱ የላይ ዘለምባ ሽማግሌዎችም አብረው ከሄዱበት ሩቅ መንገድ ሲመለሱ በአንድ ቀን ድምፃቸው ሰለለ። ሕዝቡ ስለ ወንዙ አለቀሰ፣ ስለ ጥንብ አንሳዎቹ ስለት ተሳለ። አምስት ሽማግሌዎች በአንድ ቀን እንዴት ድምፃቸው ይዘጋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «አቧራው ነው» አሉ፤ ሕዝቡም «አቧራው ነው» አለ። የእኛ ሰው ማየት የማይፈልገውን ላለማየት የሚያሳየው ትጋት ለእርሻ ውሎ ቢሆን ኖሮ የዘለምባ ጎተራ ሞልቶ በፈሰሰ ነበር።

ዘለምባ በየሰባት ዓመቱ የውሃ አበጋዝ ትመርጣለች። ተወዳዳሪዎቹ ሜዳው ላይ ይቆማሉ፤ መራጩም የፈለገው ሰው ጀርባ ሄዶ ይቆማል፤ ብዙ ሰው ከጀርባው የቆመለት ወንዙንና ቦዮቹን ሁሉ ያዝዛል። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ተወዳዳሪ እጁን በደወሉ ላይ ያኖራል። ደወሉም ያ ሰው ከሁሉ አብልጦ በበደለው ሰው ድምፅ ይናገራል፤ ተበዳዩ በሕይወት ይኑርም አይኑርም። ሕጉ ደወሉ የከሰሰውን አትምረጡ አይልም። ስሙና ምረጡ ነው የሚለው። አባቶቻችን ከዚህ በላይ አልጠየቁንም፤ ይህችኑ ግን ከበደን።

በዚያ ዓመት ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። ድልነሳ ቁመቱ ዘለግ፣ ደረቱ ሰፋ ያለ፣ ሲናገር ፈረስ የሚያስደነብር ሰው ነው። «ተራራውን ሰንጥቄ ታች ዘለምባን ብቻ ከሚያጠጣው ከአርጎ ግማሹን ወደ ላይ ዘለምባ አወርዳለሁ» ብሎ ምሏል፤ ቦዩንም ከግማሽ በላይ አስቆፍሯል። በቁፋሮው መካከል ጎርፍ ገብቶ አርባ አንድ ቆፋሪዎች ሞተዋል። እሱ «ሞተው ነው የቦዩን በር የዘጋሁት» ይላል። ሌላ የሚባል ነገርም ነበር፤ ነገር ግን ላይ ዘለምባ ምንጩ ከደረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታልና ሌላውን ወሬ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ሁለተኛው ላቀው ይባላል። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ይህን ካልን በኋላ ስለ እሱ የምንለው አለቀ። «ያለው እንዳለ ይቆይ» ከማለት ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ እሱንም ሲናገር ያዛጋ ነበር።

የላይ ዘለምባ ሽማግሌዎች አለቃ ዳኘው ነበር፤ ሴት ልጁም አንጓች ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ከምንጩ መድረቅ ወዲህ በየቀኑ ግማሽ ቀን እየተጓዘች ውሃ በጀርባዋ ታመጣለች። ገመዱ ትከሻዋን ልጦታል። እሷም እንደ ሌላው ሁሉ ከድልነሳ ጀርባ ልትቆም ወስናለች፤ ይህንንም አልደበቀችም። ይሁንና የደወሉ መጥፋት የታወቀ ዕለት በሸንጎው ፊት ቆማ ማለች።

«ደወሉን ሳላመጣ ከማንም ጀርባ አልቆምም። ላይ ዘለምባ ትመስክርብኝ። ከድልነሳ ጋር እቆማለሁ፤ ግን ሰምቼ ነው የምቆመው።»

ሸንጎው በትዝብት አያት። አባቷ ግን ወደ ጎን ወስዶ በዚያ በሰለለ ድምፁ ለመናት።

«ልጄ፣ ይቅርብሽ። ለአንቺ ባል እየመረጥንልሽ አይደለም። ቦይ የሚቆፍር ሰው ነው የምንፈልገው። ለቦይ ቆፋሪ ጠባዩ ምን ያደርግልናል?»

«ቦዩን መቆፈሩ አይደለም የሚያስጨንቀኝ አባባ» አለች። «ተቆፍሮ ሲያልቅ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው።»

አብሯት የሄደው የእናቷ ወንድም ጓንጉል ብቻ ነበር። ጓንጉል ድሮ የውሃ በር ጠባቂ የነበረ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «እኔ ድልነሳን እንደ ሰው ልየው ብል ያቅለሸልሸኛል» አላት ገና ከመንደር ሳይወጡ። «ግን እመርጠዋለሁ። ጉልበቴ ጠባይ አያውቅም፣ ውሃ ነው የሚያውቀው። አንቺን ተከትዬ የምመጣው እናትሽ በሕይወት ብትኖር ስለምትገድለኝ ነው።»

ያን ደወል እሳት አያቀልጠውም፣ መዶሻ አይሰብረውም። ዝም ሊያሰኘው የሚችል ፍጡር በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከነጩ በረሃ ማዶ በጨው ዋሻ የሚኖረው ድምፅ በሊታው ሐንቁር ነው። ስለዚህ አቅጣጫው አላጠራጠራቸውም። የነፋሳቱን ገደል በደረታቸው እየተሳቡ አለፉ። በነጩ በረሃ ቆዳቸው እሾህ ያበቀለ ነብሮች ሁለት ቀን ሙሉ ተከታተሏቸው፤ በሦስተኛው ቀን ዘለው ሲመጡ ጓንጉል ጉልበቱን እየረገመ አንዱን በጦሩ ጣለው፤ ሌሎቹ የወደቀውን ጓዳቸውን ለመብላት ቀሩ። ጓንጉል ዞር ብሎ አያቸውና «የሸንጎ ሰዎች» ብሎ ተፋ። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዋሻው አፍ ላይ ቆሙ።

ሐንቁር አንገቱ ረጅም፣ ቆዳው እንደ ዓሣ የሚያሙለጨልጭ፣ ጆሮው ሰፌድ የሚያክል ፍጡር ነው። አፍ የለውም። ከደረቱ ውስጥ በዋጣቸው የሰው ድምፆች እየቀያየረ ይናገራል። ደወሉ ከእግሩ ሥር ተጋድሟል።

«ምን ፈለጋችሁ?» አለ በአንዲት አሮጊት ድምፅ።

«ደወሉን» አለች አንጓች።

«ያመጡት ሰዎች እኮ ማንም እንዳይወስደው ለምነውኛል» አለ በሕፃን ድምፅ። ቀጥሎም ድምፁን ለወጠ። «አምስት ነበሩ። ለአደራው ከየድምፃቸው እኩሌታውን ከፍለውኝ ሄዱ። ሰው ቀርቦ እንዳይሰማ አደራህን አሉኝ።»

ይህን የመጨረሻውን የተናገረው በዳኘው ድምፅ ነበር። ልጅ ሳለች ከማሳው ማዶ ሆኖ ስሟን የሚጠራበት፣ ሙሉ፣ ሳይሰልል በፊት የነበረው ድምፅ። አንጓች ከደወሉ አጠገብ ተቀመጠች። ደወሉን የሰረቀው የታች ዘለምባ ሰው አልነበረም፤ ድልነሳም አልነበረም። ሳይሰሙ ለመምረጥ የፈለጉት የራሷ ሰዎች ናቸው። አፈርኩባችሁ ብላ ብትመለስ ማን ይፈርድባት ነበር? አልተመለሰችም።

«ለማውጣት ምን ታስከፍላለህ?» አለች።

«የአንድ ሰው ድምፅ፣ ሙሉውን።»

«የእኔን ውሰድ» አለ ጓንጉል።

«የሽማግሌ ድምፅ ሰለቸኝ» አለ ሐንቁር። «የእሷን።»

አንጓች ወደ አጎቷ ዞረች። «ማልልኝ» አለችው። «ማን እንደሰረቀው ከአፍህ እንዳይወጣ። መናገር ካለበት ራሱ አባቴ ይናገር።»

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ሰጥተሽ እሱን ልትሸፍኚው ነው?»

«ማልልኝ።»

ጓንጉል በእናቷ አፅም ማለላት። ከዚያ አንጓች እጇን በዚያ በሚያሙለጨልጭ ደረት ላይ አኖረች፤ ከዋሻው ሁለት ሆነው ደወሉን ተሸክመው ሲወጡ አንድም ቃል ሊወጣት አልቻለም። ጓንጉል መንገዱን ሁሉ ሲያለቅስ ሄደ። ማውራት ያለባት ያህል እሱ አወራላት።

የምርጫው ዕለት ረፋድ ላይ ደወሉ በመስቀያው ተሰቀለ። አንጓች መናገር እንዳቃታት ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። መጀመሪያ ላቀው እጁን አኖረ። ደወሉ በጎረቤቱ ሴት ድምፅ «ላቀው፣ ልጄ ታሞ አጥር ለአጥር እየኖርን መጥተህ አልጠየቅከኝም» አለ። ሰው ሳቀ፤ ላቀው ፊቱ ቀላ። ተራው የድልነሳ ሲሆን ግን ድልነሳ እጁን አላነሳም።

«ይህ ደወል በሌባ እጅ ያለፈ ነው» አለ። «አፉን ጠምዝዘው እንዳላመጡት በምን አውቃለሁ? በመጀመሪያ አንድ ስሙ ያልጎደፈ ሰው ይንካውና ይፈተን። ሽማግሌው ዳኘው ይንካው። እሱን የሚጠረጥር አለ?»

የሚጠረጥረው አልነበረም። ዳኘውም ከመቀመጫው ተነሳ። እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ አራቱ ጓደኞቹም በዓይናቸው እምቢ በል ይሉት ነበር። ልጁን አያት። እሷም አየችው። ምን እንደምታውቅ ከፊቷ አነበበ። ሄዶ እጁን አኖረ።

ደወሉ በአንጓች ድምፅ ተናገረ። አንጓች አፏን ገጥማ በዚያው ቆማለች፤ ድምፁ ግን የእሷ ነበር፤ ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው በሜዳው አልነበረም።

«አባባ፣ ደወሉን ለሐንቁር የሰጡት እርስዎ ነዎት። ድምፅዎን እዚያ ሰማሁት። ውሃው ለእኔም ያስፈልገኛል፣ የተላጠው የእኔ ትከሻ ነው። ግን ሳልሰማ እንድመርጥ ፈረዱብኝ።»

ዳኘው እጁን ከደወሉ አንስቶ ወደ ሕዝቡ ዞረና በዚያ በሰለለ ድምፁ ተናገረ፤ ለመስማት ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«የዘለምባ ሰዎች፣ እውነት ነው። የሰረቅነው አምስታችን ነን። ድልነሳ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ስለማላውቅ አይደለም። ስለማውቅ ነው። ከሰማሁ መምረጥ ሊኖርብኝ ነው፤ መምረጥ አልፈለግኩም፣ ውሃ ነው የፈለግኩት። ደወሉ አልተጠመዘዘም። አሁን እሱ ይንካው።»

ድልነሳ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀረበና እጁን ጣል አደረገ። አንድ ድምፅ ሳይሆን አርባ አንድ ድምፅ በአንድነት ወጣ። «በሩን አትዝጋ» ይላል፤ «አልሞትንም፤ ገና እየወጣን ነው፤ ድልነሳ በሩን አትዝጋ።» የአንዱ ሕፃንነት ያልለቀቀው ድምፅ ከሌሎቹ በላይ ይሰማ ነበር።

«አዎ ዘግቼዋለሁ» አለ ድልነሳ። «ባልዘጋው ኖሮ ጎርፉ ቦዩን ይንደው ነበር። ለእናንተ ስል ነው የዘጋሁት።»

አሁን የወገኖቼን ነገር ልንገራችሁና ይውጣልኝ። የላይ ዘለምባ ሰው ይህን ሰምቶ አለቀሰ፤ ዕንባውን ጠረገ፤ ከዚያም «የሞተ ሞቷል» አለ። አንዱ «ቦዩ ለማለቅ ስንት ክንድ ቀረው?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሴትዮ «አርባ አንድ እኮ ነው፣ ሺህ አይደለም» አለች፤ ሟቾቹ ከእሷው ጎረቤት የሄዱ ነበሩ። ሰዉ እየተገፋፋ ከድልነሳ ጀርባ ይሰለፍ ጀመር፤ እንዲያውም ከቀድሞው በርትቶ፣ ማመንታቱ እንዳይታይበት።

ዳኘው ግን ብቻውን ተሻግሮ ከላቀው ጀርባ ከቆሙት የታች ዘለምባ ሰዎች ጋር ቆመ። «ዛሬ ለእኛ ሲል ሰው ላይ የዘጋ፣ ነገ ለሌላ ሲል እኛ ላይ ይዘጋል» አለ። «ባይዘጋብንም እንኳ፣ ውሃው በየቀኑ ቢወርድልንም፣ እኔ ያንን ውሃ ልጠጣው አልችልም። ላቀው ለእኛ ምንም አያመጣልንም። አውቄ ነው የቆምኩት።»

አንጓች ሄዳ ከጎኑ ቆመች። ጓንጉል ጉልበቱን እየረገመ ተከተለ። ከዚያ አንድ አንድ እያሉ፣ ፊታቸውን እየሸፈኑ፣ ከላይ ዘለምባ መቶ አርባ ያህል ሰዎች ተሻገሩ። ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት ንቅንቅ አላሉም። ሲቆጠር ላቀው በአሥራ ሰባት ሰው አሸነፈ። ማሸነፉን ሲነግሩት «እኔ?» አለ።

ላቀው ሰባት ዓመት አበጋዝ ሆነ። ስለ ዘመኑ የሚዘፈን ነገር የለም። ያለው እንዳለ ቆየ፣ ማንም በር ተዘግቶበት አልሞተም፣ ላይ ዘለምባም በዚያው በጋ ጠፍ ሆነ። ሕዝቡ ከብቱን እየነዳ፣ የበሩን ሳንቃ እየተሸከመ ወረደ። በአንጓች በኩል ሲያልፍ የሚተፋ ነበር። ዛሬ ብትጠይቁት ከድልነሳ ጀርባ ቆሜ ነበር የሚል አንድ ሰው አታገኙም፤ ሁሉም ከመቶ አርባዎቹ አንዱ ነበር። ከድልነሳ ጀርባ ሜዳው ባዶ የዋለ ይመስል።

ዳኘውና ልጁ ከመንደራቸው በወጡ በሁለተኛው ቀን ታች ዘለምባ ደረሱና ከአንዲት ሴት ደጃፍ ውሃ ለመኑ። ሴትየዋ በቅል ሰጠቻቸውና ከየት እንደመጡ ጠየቀች። አንጓች ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ ያለ ድምፅ መኖርን ገና አልለመደችም ነበር። አባቷ መለሰላት። ከላይ እንደሆኑ፣ ከላቀው ጀርባ እንደቆሙ ለሴትየዋ ነገራት።

ሴትየዋ በመገረም አየቻቸው። «እኛስ ውሃችን እንዳይሄድብን ብለን ነው ላቀውን የመረጥነው» አለች። «ድልነሳ ውሃውን ለታች አመጣለሁ ቢል ኖሮ ጀርባው ላይ እናድር ነበር። እናንተ ግን ምን ነክቷችሁ ነው?»

ዳኘው ቅሉን ለልጁ አቀበለ፤ ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«ከተዘጋው በር ኋላ ሰው ነበረ» አላት ለሴትየዋ።