የዝይዎቹ ጥሬ ፎቶ የት ገባ?

ቶርቫልድ ከወፍ መመልከቻው ማማ ሥር፣ ሸምበቆው ውስጥ በጀርባው ተዘርግቶ ቅዳሜ ጠዋት ተገኘ። የማማው መከለያ ደረት ድረስ ይደርሳል፤ ሰው ተንሸራቶ የሚወድቅበት አይደለም። መርማሪዋ አልፍሂልድ ሬሳውን አየች፤ ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሬሳ ማየት ዕቃ እንደማየት ሆኖባታል።

የሟች ሚስት ጉንቮር በፎቶ ክበቡ ጎጆ ተቀምጣለች። በዋዜማው ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል፤ ባሏ በወደቀበት ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የት እንደነበረች የሚመሰክርላት ግን የለም። የአልፍሂልድ አለቃ በስልክ «እስከ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣሽ እሷን እንይዛለን» ብሏታል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት አይውልም። ወፍ፣ ወፍ፣ ወፍ!» ጉንቮር እጇን አየች። «መሞቱን ሲነግሩኝ ቴርሞሱን እያጠብኩ ነበር። አጥቤ ጨረስኩት።»

አልፍሂልድ ይህን ድንዛዜ ታውቀዋለች። ድንዛዜ ግን ማስረጃ አይሆንም።

በዘንድሮው የክበቡ ውድድር ባነሳው የጉጉት ወፍ ፎቶ ያሸንፋል የተባለለት ሩትገር መልሱን ይዞ ነው የመጣው።

«በዚያ ሰዓት ደቡብ ዳርቻ ዝይ ሳነሳ ነበር። ይኸው፦ ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ።»

ፎቶው ጄፔግ፣ ማለትም እንደልብ የሚነካካ ቀላል ቅጂ ነው፤ ቁጥሩ 4127።

«ጥሬው ፋይል፣ ካሜራው ሳይነካካ ያስቀመጠው ዋናው የታለ?»

«አዲስ ካሜራ ነዋ! ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ ጄፔጉን አስገብቶ ጥሬውን አላውቀውም አለ። እንቢ ሲለኝ የካሜራውን ካርድ አጸዳሁት።»

ከማለዳ ጀምሮ የመጣውን ሁሉ ስታስተናግድ የቆየችው የክበቡ ጸሐፊ ሲቭ፣ የቀረፋ ዳቦውን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ጥሬ አጠፋሁ? አንተ? ለእኔም እንቢ ብሎኝ ፕሮግራሙን እስካሳድስ ሦስት ሳምንት አስቀምጬዋለሁ። ጥሬ መጣል ፊልሙን ማቃጠል ነው ብለህ ያስተማርከን አንተው ነህ እኮ!»

«ቸኩዬ ነው» አለ ሩትገር።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። አልፍሂልድ ዳቦውን ሳትቀምስ ወደ ክበቡ ኮምፒውተር ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«በደንባችሁ ተወዳዳሪ ጥሬውን ለዳኛው ያሳያል። ዳኛው ቶርቫልድ ነበር። ሩትገር፣ ሐሙስ ካርድህን ሰጥተኸዋል?»

«የጉጉቱን ፎቶ እንዲቀዳ ብቻ።»

ጉንቮር ቀና አለች። «ቶርቫልድ አንድ ብቻ አይቀዳም። የሰው ካርድ እጁ ከገባ ጠራርጎ ነው የሚያስገባው።»

«አስገብቶታል» አለች አልፍሂልድ። «የ4127 ጥሬው ይኸው። ያው ዝይዎች፣ ያው ደመና፣ ያው የተሰበረ ጀልባ። ካሜራህ ጥሬውንና ጄፔጉን በአንድ ቁጥር ያስቀምጣል። የጄፔጉን ሰዓት ለውጠህ ቅዳሜ አደረግኸው፤ ጥሬው ግን እዚህ የገባው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የተነሳ ዝይ ሐሙስ እንዴት ገባ?»

አልፍሂልድ የጉጉቱን ጥሬ ፎቶ ከፈተች።

«ለውድድር ባቀረብከው ጄፔግ ላይ ጉጉቱ እንደልቡ ይበራል። ጥሬው ላይ ግን እግሩ በክር ታስሯል፤ ክሩን ከጄፔጉ ላይ አጥፍተኸዋል። ቶርቫልድ ከሥሩ ጽፎበታል፦ ‹ለክበቡ ከመናገሬ በፊት፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት፣ ማማው ላይ ላናግረው።›»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ሩትገር ወለሉን እያየ ተናገረ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ በሐቅ አነሳሁ። በአንድ ክር ሊያዋርደኝ? ለመንኩት፤ እንቢ አለኝ። ገፋሁት።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሲቭ ታለቅሳለች። ጉንቮር ኮቷን ቆለፈች።

«እኔ ቤቴ መሄድ እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች።

«ሄጄ ምን አደርጋለሁ?»

«እኔም እስካሁን አላወቅሁም» አለች አልፍሂልድ።