ያልወረደው ሰው

ሬሳው በነጭ ሸራ ተሸፍኖ ከአውሮፕላኑ ጅራት ሥር ተጋድሟል። መርማሪዋ ስትደርስ አስቀድማ ያየችው ግን እሱን አልነበረም፤ ከበላዩ፣ ከሁለት ሰው ቁመት ብዙም በማያንስ ከፍታ ላይ፣ ወለል ብሎ የተከፈተውን የኋላ በር ነው። በበሩ ሥር ደረጃ የለም። ባለጎማው የብረት ደረጃ አሥር እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ ወግቶ እንደ ጸጸተው በሬ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ሟቹ የኩባንያው የጥገና አለቃ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት፣ ቅጽል ስማቸው «አባ ቀስ»። ስሙ የወጣላቸው በፍቅርም በብሽቀትም ነው፤ ኩባንያው ቀስ የሚባል ነገር አያውቅምና። በአውሮፕላኖቹ ጎን ላይ «በረራ በአውቶቡስ ዋጋ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ደግሞም ውሸት አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ በአቧራ ሲንገላታ የኖረ መንገደኛ፣ ኩባንያው ከተቋቋመ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት በአርባ ደቂቃ ካሰበበት መድረስ ጀምሯል። የርካሽነቱ ምስጢር ጥድፊያ ነው። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ይበላል፤ አየር ላይ ያለ ያበላል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ባረፈ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው አራግፎ፣ ሰው ጭኖ መነሣት አለበት። አባ ቀስ የሞቱት ከነዚህ ደቂቃዎች በአሥራ አራተኛው ነው፤ የወረዱት ወርደው፣ የሚሳፈሩት ገና ሳይሳፈሩ።

መርማሪዋ በፊተኛው ደረጃ ወጥታ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች አቋርጣ የኋላው በር ዘንድ ደረሰች። ደፉ አጠገብ ክዳኑ የተነሣ እስክሪብቶና ገና ያልጠፋ የእጅ ባትሪ ወድቀዋል። የጥገናው መዝገብ ግን የለም። «የሚጽፍበት የሌለው ሰው እስክሪብቶ አይከፍትም» አለች ለራሷ። መዝገቡን ያገኘችው በአውሮፕላኑ ሌላ ጫፍ፣ በአብራሪው ወንበር ላይ ነው። ገጾቹ በቀይ ቀለም ተቆጥረዋል። አርባ አንድ፤ አርባ ሦስት። አርባ ሁለት የለም።

ሰዎቹን ያነጋገረችው በጫኞች ማረፊያ ክፍል ነበር፤ ጓንትና የዝናብ ልብስ የተሰቀለበት፣ መስኮቱ ወደ አውሮፕላኑ የሚያይ ጠባብ ክፍል።

መጀመሪያ አብራሪው ገባ።

«ከሟቹ ጋር ዛሬ ጠዋት ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«ዛሬ ብቻ? በየቀኑ ነው እንጂ! እሳቸው ‹ቀስ› ይላሉ፣ እኔ ‹ቶሎ› እላለሁ። ከባለቤቴ ጋር እንኳ እንደዚያ ተጨቃጭቄ አላውቅም።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ፊቱ እንቢ አለው። «እሳቸው ያልፈረሙበትን አውሮፕላን ግን አንድም ቀን አላስነሣሁም።»

«መዝገቡ ወንበርዎ ላይ እንዴት ተገኘ?»

«እንጃ። ጎማና ክንፍ እየዞርኩ ስፈትሽ ነበር፤ ጫኞቹ አይተውኛል። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ኋላ ስገባ ተቀምጧል።»

ቀጥሎ የደረጃው ሾፌር መጣ። ከቁመቱ የተነሣ «መሰላል» ይሉታል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ተጣጥፎ ሕፃን አከለ።

«እሳቸው እኮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ፊታቸውን ወደ አውሮፕላኑ አዙረው የኋሊት ነው የሚወርዱት። ዞረው አያዩም፤ ደረጃው ይኖራል ብለው አምነው ነው።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔን አምነው።»

«በር ሳይዘጋ ደረጃ አይነሣም፤ ደንቡ እንደዚያ አይደል?»

«ደንቡማ ይላል። ደቂቃው ነው እንቢ ያለው። ከተውነው ሁለት ዓመት አለፈን፤ ሁላችንም። ከጋቢናዬ ሆኜ ደግሞ በሩ አይታየኝም። ዛሬ በኋላው በር ሰው እንዳይገባ እሳቸው ከልክለው ስለ ነበር፣ እሳቸው ሲወርዱ ደረጃውን ላነሣ ነበር የምጠብቀው።»

«ማን አንሣ አለዎት?»

«በሬዲዮ ነው የተባልኩት።»

«ቃል በቃል።»

«‹ወርዷል፤ ደረጃውን አንሣ።›»

ሦስት ጊዜ አስደገመችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አንዲት ፊደል አልለወጠም።

«ድምፁስ የማን ነው?»

«የመብራት ማመንጫው ያጓራ ነበር። የወንድ ይሁን የሴት አልለየሁትም።» ይህን ሲል ዓይኑ ጫማው ላይ ነበር።

የጫኞቹ አለቃ «ቶን» ግን ሳይጠየቅ ነበር የጀመረው።

«ማንሸራተቻው ቀበቶ ተበላሽቶብን ሻንጣውን በጀርባችን ነው የምናወርደው፣ እመቤቴ። በዚያ መሐል ሥራ አስኪያጁ በፊተኛው ደረጃ ወርደው ሲያልፉ፣ ‹ገና ናችሁ እንዴ?› አይሉንም! ‹ጌታዬ፣ በሃያ አምስት ደቂቃ እንኳን አውሮፕላን ድስትም አይሰናዳ› አልኳቸው። ስቀው ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ አለፉ። ብዙም ሳይቆይ ያንን ድምፅ ሰማን።» ትልቅ መዳፉን ጭኑ ላይ አሻሸ። «ሻንጣ የወደቀ መስሎኝ ተቆጣሁ። ‹ማነው የሰው ዕቃ የሚጥል?› ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ናቸው ለካ።»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አጥብቆ፣ ሐዘኑንም እንደ ክራቫቱ አስተካክሎ ገባ።

«መምህሬ ነበሩ» አለ። «ኋላው በር ላይ አንድ ነገር እየመረመሩ ነበር፤ ትቻቸው ወደ ፊት ሄድኩ። ተመልሼ አላየኋቸውም።»

«አውሮፕላኑ መቆም አለበት ብለውዎታል?»

«አላሉኝም።» ወደ መስኮቱ ተመለከተ። «ሰው ‹ርካሾቹ› እያለ ይቀልድብናል። እናቴ ሐኪም ቤት ሳትደርስ አውቶቡስ ውስጥ ነው የሞተችው። በሁለተኛው ቀን፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ። በአውሮፕላን ቢሆን አርባ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነበር። አሁን ሌላኛው አውሮፕላናችን ጥገና ገብቷል፤ ይህም ቢቆም ኩባንያው አበቃለት። እነዚያ ሁሉ እናቶች ወደ አውቶቡሱ ይመለሳሉ።»

እንባው የእውነት ነበር። መርማሪዋ የእውነት እንባ ንጹሕነትን እንደማያስመሰክር ካወቀች ቆይታለች፤ ቢሆንም አዘነችለት።

የመጨረሻዋ ሰዓት ያዧ ነበረች። ሥራዋ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ቆማ ሃያ አምስቱን ደቂቃ መቁጠርና ሠራተኛውን በሬዲዮ ማዘዝ ነው። የአባ ቀስ ብቸኛ ልጅ ናት። የሩጫ ሰዓቷ በመዳፏ ውስጥ አሁንም ይቆጥራል፤ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

«አላቆምሽውም?»

«ገና አልተነሣንም» አለች፤ ከዚያ ያለችውን ራሷ ሰማችው።

መርማሪዋ ውኃ ቀዳችላት። «ስለ አባትሽ ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ቀስ ይላል። ሁሉ ነገር ላይ። መጀመሪያ የሚበሩ እናቶች ደረጃው ግርጌ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ሰው ቤት የሚገቡ ይመስላቸዋል። እሱ ጫማቸውን አንጠልጥሎ ይከተላቸዋል፤ ‹እናቴ፣ ሲወርዱ እሾህ ይወጋዎታል፣ ያጥልቁት› እያለ። እኔ እዚህ ደቂቃ አለቀ ብዬ እጮሃለሁ፣ እሱ እዚያ ተንበርክኮ ጫማ ያጠልቃል።» ሳቀች፤ ሳቋ መሐሉ ላይ ተሰበረ።

«ከቆምሽበት ሆነሽ የኋላው በር ይታይሻል?»

ሰዓቱን በመዳፏ ጨበጠችው።

«አይታይም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መርማሪዋ ደረጃው ተመልሶ ከበሩ ጋር እንዲገጥም አዘዘችና አምስቱንም ከሥሩ ሰበሰበቻቸው።

«‹ካፍ ከወጣ አፋፍ› ይላሉ አበው» ብላ ጀመረች። «ዛሬ አንድ ቃል ካፍ ወጥቶ ሰውን ከእውነተኛ አፋፍ ጥሏል። አስቀድሞ ግን አንድ ወረቀት ተቀዷል። አባ ቀስ እስክሪብቶ የከፈቱት ሊጽፉ ነው፤ የጻፉት ደግሞ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነው። መዝገቡ በእግሩ ሄዶ አብራሪው ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ጫኞቹ ውስጥ አልገቡም፤ አብራሪውን ክንፍ ሥር እነሱ አይተውታል። መሰላል ጋቢናው ውስጥ፣ ሰዓት ያዧ አፍንጫው ሥር ናቸው። ከኋላው በር ተነሥተው በመተላለፊያው ወደ ፊት የሄዱት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ሥራ አስኪያጅ።»

«ወረቀት መቅደድ ሰው መግደል አይደለም» አለ ሥራ አስኪያጁ በዝግታ።

«አይደለም። ስለዚህ ወደ ቃሉ እንምጣ። ዛሬ ሁላችሁም ሟቹን ስታነሡ ‹እሳቸው› ነው ያላችሁት፤ የተጣላቸውም፣ ሻንጣ መስለውት የተቆጣቸውም። ሬዲዮው ግን ‹ወርደዋል› አላለም። ‹ወርዷል› ነው ያለው። መሰላል፣ ድምፁን አልለየሁም ያሉኝ ለይተውት ነው። በዚህ ሜዳ ላይ አባ ቀስን ‹እሱ› የሚል አንደበት አንድ ብቻ ነው።»

መሰላል አንገቱን ደፋ። ሰዓት ያዧ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ወጣች።

«እኔ ነኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። እሰሩኝ።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ልጄ!» አለ ቶን።

«የተናገርሽው አንቺ ነሽ» አለች መርማሪዋ። «ያየሽው ግን አይደለሽም፤ በሩ አይታይሽምና። ማን ነገረሽ?»

ልጅቷ ሥራ አስኪያጁን አየችው። «እሳቸው ጥፋት የለባቸውም። ባጠገቤ ሲያልፉ ‹ወርዷል› አሉኝ፤ ሻንጣውን ማለታቸው ነበር። እኔ አባቴን ስጠብቅ ስለ ነበር አባቴን መሰለኝ። ኋላም ‹አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርብሽም› ብለውኛል።»

«እውነቷን ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሻንጣውን ነበር። እሳቸውን ቢሆን ‹ወርደዋል› እል ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንቱታ ወርጄ አላውቅም። እርስዎ ራስዎ አሁን መሰከሩልኝ።»

«‹ወርዷል› የምትለው ቃል የተመረጠችው ይህን እንዲሉባት ነው። ቶን፣ ያን ጊዜ ሻንጣው ወርዶ ነበር?»

«ከየት መጥቶ! ግማሹም አልወረደ። እሳቸው ራሳቸው እኮ ‹ገና ናችሁ እን…›» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ።

«ከእናንተ እስከ አፍንጫው ስንት እርምጃ ነው?»

«አሥራ አምስት ቢሞላ ነው።»

«በአሥራ አምስት እርምጃ የአውሮፕላን ሻንጣ አይወርድም። በዚያች ደቂቃ ከዚህ አውሮፕላን ሻንጣውም አልወረደም፤ እሳቸውም አልወረዱም። ታዲያ የወረደው ማን ነው? ያቺን ቃል ሌላ ሰው ቢሰማት ሻንጣ ናት። አባቷን ለምትጠብቅ ለአንዲት ልጅ ብቻ አባት ናት። ወረቀቱን ከቀደዱ በኋላ አባ ቀስ በሕይወት ከወረዱ ነገሩ ይታወቃል፤ ስለዚህ መውረድ አልነበረባቸውም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እናትዎን ‹ሞተች› ነው ያሉኝ፤ ‹ሞቱ› አላሉኝም። ወላጅን ያለ አንቱታ መጥራት ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ያውቁታል። ቢላዋውን የደበቁት እዚያ ቅርበት ውስጥ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ባልቸኮለ፣ በተጠነቀቀ እጅ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ከኋላው በር በላይ፣ አካሉ ላይ፣ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ። እስኪጠገን አይበርም።»

«ልጥለው ነበር» አለ። «ሥራ ያስተማረኝ እጅ ነው፤ አልሆነልኝም። ሠላሳ ቀን ብቻ ለመንኳቸው፤ ሌላኛው አውሮፕላን እስኪመለስ። ‹ቀስ በል ልጄ፣ ሰው ነው የምንጭነው› አሉኝ። መዝገቡን ለአብራሪው ላድርስልዎት ብዬ ተቀበልኳቸው።» ወረቀቱን አቀበላት። «አንድ ጊዜ ዞር ብለው ቢያዩ ይተርፉ ነበር። ዕድል ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ዞረው እንደማያዩ ያውቁ ነበር» አለ መሰላል።

ሲወስዱት ማንም አልሰደበውም። ቶን ጓንቱን አውልቆ ሲያበቃ የት እንደሚያኖረው ጠፋበት። አብራሪው በአውሮፕላኑ ጎን የተጻፈውን ትልቅ ጽሑፍ፣ ዛሬ ገና እንደ ተጻፈ ሁሉ፣ ሲያነብ ቆየና ሄደ።

ከደረጃው ሥር ልጅቷና መርማሪዋ ብቻ ቀሩ።

«ሕግ አይጠይቅሽም» አለቻት መርማሪዋ። «ቃሉ የሥራ አስኪያጁ ነው።»

«አፉ ግን የእኔ ነው።» የሩጫ ሰዓቱን እያየች ተናገረች። «ልጅ ሳለሁ እናቴ ‹አባትሽን አንቱ በይ› እያለች ትቆጣኝ ነበር። እሱ ነው ያስተዋት። ‹ተያት፣ አንቱታ ያራርቃል› አላት። አንቱ ብለው ኖሮ፣ ‹ወርዷል› ስባል ‹ማን?› ብዬ እጠይቅ ነበር። አይደል?»

መርማሪዋ እጇን በልጅቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

ልጅቷ ሰዓቱን ተጫነችው። ቁጥሩ ቆመ። ወደ ደረጃው ቀርባ የእጅ መደገፊያውን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንዳይነቃነቅ የምትደግፈው ይመስል። ከዚያ ወደ ተከፈተው በር አንጋጠጠች።

«ይውረዱ፣ አባቴ» አለች። «ቀስ ብለው ይውረዱ። ይዤዋለሁ።»