የማይሰበረው ቀይ እንቁላል

«ተበላህ! አሁንም ተበላህ!» ዴያን ወንበሩ ላይ ቆሞ ጮኸ።

የአጎቱ ልጅ ፕላመን የተሰነጠቀ እንቁላሉን አገላብጦ አየው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በስድስት ዓመት ሕፃን መሸነፍ ደግሞ ለማንም አይጥምም። «ይሄን ልጅ ምን እያበላችሁት ነው?» አለና ከሳህኑ ሌላ ቀይ እንቁላል መረጠ። ዴያን በራሱ እንቁላል ሹል ጫፍ መታው። ያም ተሰነጠቀ።

«እስቲ ያንተን አሳየኝ!» አለ ፕላመን።

«አርፈህ ብላ!» አለች የዴያን እህት ራሊትሳ፣ ከጠረጴዛው ሥር የፕላመንን እግር እየረገጠች። ዓይኗን አየና ነገሩ ገባው። ሳቁን ከዳቦው ጋር ዋጠው።

እንቁላሉ እንጨት ነበር። አያታቸው እማማ ስቶያንካ፣ ዶሮዎቹ ሌላ ቦታ ሄደው እንዳይጥሉ ብለው ማደሪያቸው ውስጥ የሚያኖሩት የእንጨት እንቁላል። ራሊትሳ በጸሎተ ሐሙስ ከእውነተኞቹ ጋር ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረችው፣ ዘይት ቀብታ ወለወለችው፤ ዛሬ ደግሞ መርጣ የሰጠችው መስላ ለወንድሟ አስጨበጠችው።

ለተንኮል ብላ አልነበረም። በመንደራቸው በፋሲካ ሲያጋጩት ያልተሰበረው እንቁላል «ቦራክ» ይባላል፤ ባለቤቱም እስከ ከርሞ አይታመምም። ዴያን የብርዱን ወራት ያሳለፈው አስም እያፈነው ሆስፒታል ሲመላለስ ነው። ሐሙስ ዕለት እማማ እንደ ደንቡ የመጀመሪያውን ቀይ እንቁላል ለጤና ብለው ጉንጩ ላይ ሲያሹለት፣ «ይሄማ አይበቃኝም፤ ቦራኩን መውሰድ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለ። ራሊትሳን አንጀቷን በላት። ዕድል የሚባለውን ነገር ደግሞ አታምነውም።

ምሳ ሲያበቃ እናታቸውና እማማ የፋሲካውን ጣፋጭ ዳቦ ይዘው የዴያንን ክርስትና እናት እንኳን አደረሰሽ ሊሉ ወጡ። «ልጁን አደራ! ከመሮጡ በፊት መድኃኒቱን ይሳብ» አለች እናት በሩ ላይ ቆማ።

«ዴያን፣ ና ሳብ» አለች ራሊትሳ ሰማያዊውን የአስም ፓፍ ይዛ።

«አልስብም።»

«በበዓል ምድር አታስለፍፈኝ!»

«ቦራክ አለኝ እኮ! ቦራክ ያለው ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ወደ ጓሮ ተፈተለከ።

ቸኮሌት አሳየችው። ለእማዬ እነግራለሁ ብላ አስፈራራችው። እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! ዶሮዎቹን እያባረረ በፕለም ዛፎቹ መካከል ሮጠ፣ ሮጠ፣ በመጨረሻ የድንጋይ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ደረቱ ሲር ሲር ይላል። እንቁላሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጥፎ እስኪያድነው ይጠብቃል። ራሊትሳ ፈራች፤ የምሯን ፈራች።

«ዴያንዬ፣ በናትህ።»

«ቆይ... አሁን... ይሻለኛል።»

ፕላመን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ምን ያስጨንቅሻል? ቦራክ የሚሠራው ከመድኃኒት ጋር ብቻ ነው በይው። ይሸወድልሻል።»

መላው አሪፍ ነበር። ዴያን እሷ ያለችውን ሁሉ ያምናል፤ ጣጣውም እሱው ነው። ዛሬ ይህን ካመነ ነገ ሌላ መፍጠር ሊኖርባት ነው። ብርዱ ሲመለስና እንደገና ሲያፍነውስ ምን ልትለው ነው?

ዴያን ፊት ተንበረከከች። «ስጠኝ» ብላ እንቁላሉን ተቀበለችውና ከድንጋዩ ጋር በኃይል አላተመችው። ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩ እንጨቱ ታየ።

«የዶሮዎቹ ነው። ያቀለምኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁህ።»

ዴያን እንቁላሉን አየ፣ እሷን አየ። «ውሸታም!» አላት በቀጭን ድምፅ።

«አዎ።»

«ታዲያ... ልታመም ነው?»

«አይ፣ አትታመምም» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲያ ብትለው እሱም ይረጋጋ፣ እሷም ትገላገል ነበር።

«አላውቅም» አለችው። «ይሄ ግን አሁን ትንፋሽህን ይከፍተዋል። እሱን አውቃለሁ።»

ዴያን ቀና ብሎ አላያትም። ፓፉን ከእጇ መንጭቆ ወሰደና አፉ ላይ ደገነው።