የጃዕፈር የጥርስ ብሩሽ

ሱሉልታ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የእህል መጋዘን አለ። አዲሱ ባለቤት የጓሮውን ሲሚንቶ ሲያስፈርስ ከሥሩ የሰው አጽም ወጣ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል።

መጋዘኑ ቀድሞ የሁለት ሸሪኮች፣ የጃዕፈርና የአክመል ነበር። ጃዕፈር በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን እንደወጣ ቀርቷል። እናቱ ወይዘሮ ራቢአ ሳይጠይቁ ያለፉት እስር ቤት አልነበረም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰብለወርቅ ሦስት ሰዎችን አነጋገረች። ወንድሙ ከድሩ ያኔ መንገድ ተዘግቶበት ሆለታ ነበር። ዘበኛው ኦቦ ባጫ ሁከቱ እስኪበርድ ጫንጮ ዘመድ ቤት ተጠግተው ነበር። አክመል ግን ጃዕፈር አስፋልት ላይ ተይዞ በመኪና ሲወሰድ በዓይኑ ማየቱን ተናገረ። የጃዕፈርን የጥርስ ብሩሽም ይዞ መጣ፤ ከአልጋው ራስጌ ራሱ አንስቶ፣ ሌላ ሰው ሳይነካው እንዳስቀመጠው ነገራት።

«እናቱን በምራቅ ናሙና አያስጨንቋቸው» ሲል ለመናት።

ከጭኑ አጥንት የተፈጨው ዱቄት ምንም ውጤት አልሰጠም፤ እርጥበት ጎድቶታል። ከመንጋጋ ጥርሱ ሥር ግን ባለሙያዎቹ ዲኤንኤ አወጡ። ከብሩሹ ጋር አልገጠመም።

ወይዘሮ ራቢአ ልጃቸው በሕይወት አለ ብለው አላህን አመሰገኑ። ሰብለወርቅ ያን ደስታ ማፍረስ ከበዳት። ቢሆንም ምራቃቸውን ወሰደች።

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉንም ቡራዩ፣ ወይዘሮ ራቢአ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«አጽሙ የእማማ ራቢአ ልጅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከጃዕፈርና ከከድሩ ሌላ አልወለዱም። ከድሩ ይኸው ተቀምጧል።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ብሩሹ ላይ የተገኘው ደግሞ የሴት ዲኤንኤ ነው። ማንም አልነካውም ብለኸኛል፣ አክመል። ስለዚህ ያመጣኸው የጃዕፈርን አይደለም። ተወሰደ ያልከው ሰው ደግሞ እዚያው ጓሮ ተቀብሯል።» ወደ ዘበኛው ዞረች። «ኦቦ ባጫ፣ ሲሚንቶውን ማን አስፈሰሰ?»

«አክመል ነው። ከጫንጮ ስመለስ ደርቆ ነው ያገኘሁት። ጓሮው ጭቃ ስለሆነ ነው አለኝ።»

አክመል ብሩሹ የሚስቱ እንደሆነ ካመነ በኋላ የቀረውን ራሱ ተናገረ። ተኩስ ሸሽተው የመጡ ወጣቶች የመጋዘኑን በር ይደበድቡ ነበር። ጃዕፈር ሊከፍትላቸው ሲል አክመል ከለከለው፤ ተያያዙም። አክመል በበሩ መቀርቀሪያ ብረት ከኋላ ጭንቅላቱን መታው። በኋላም እናቲቱን በገዛ መኪናው ከእስር ቤት እስር ቤት ሲያመላልሳቸው ከረመ።

ወይዘሮ ራቢአ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሱ።

«ልጆቹስ?» አሉት።

«የትኞቹ?»

«በር ላይ የነበሩት።»

አክመል አንገቱን ደፋ። «አልከፈትኩላቸውም።»