ከሶፋው ላይ ሲሰማ

ሙዚቃ አቀናባሪው ሃንሶል ለቦራም መጀመሪያ የደወለው ለመጨቃጨቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስፒከሮቹ አዲስ ናቸው። ስቱዲዮው ውስጥ ሲሰማ ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ደረት ይመታል፤ ያንኑ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ሲሰማው ግን ቤዙ የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ የሸጡለት ሰዎች አታለውታል። ቦራም ንዴቱን እስኪጨርስ ታግሳ ጠበቀችው።

«ስፒከሮቹን አይውቀሷቸው፤ የሚዋሽዎት ክፍሉ ነው» አለችው።

ሥራዋ ይኸው ነበር። ሴኡልን ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየዞረች፣ ባለሙያው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ በጆሮው ቁመት ልክ ቀጭን የመለኪያ ማይክ ታቆማለች። ከዚያ ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ታስለቅቃለች። ግድግዳው የቱን ድምፅ እንደሚያጋንን ኮምፒዩተሯ በመስመር ያሳያታል፤ እሷም ስፒከሩ ያንኑ ያህል እንዲቀንስ ታዘዋለች። ያኔ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው እውነቱን ይሰማል።

የሃንሶል ስቱዲዮ ማንግዎን ሰፈር፣ ከአንድ ላውንደሪ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ዝናብ ሲበረታ ግድግዳው ያልበዋል። ቦራም ስትጨርስ ወንበሩን ለቀቀላትና የራሱን ዘፈን ከፈተ። እሱ ቆሞ የሚያየው ፊቷን ነበር። ዘፈኑ አለቀ።

«አሁንስ ይዋሻል?» አላት።

«አሁን ጥፋት ካለ የእርስዎ ነው።»

ሳቀ። በሳምንቱ ክፍሉ ተበላሸ ብሎ ደወለላት። ክፍሉ ምንም አልሆነም ነበር፤ ቦራምም ይህን እያወቀች መሣሪያዋን ተሸክማ መጣች። ወር ሳይሞላ «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ «አንተ» እና «አንቺ» ተተካ።

ከወንበሩ በስተኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አንድ አሮጌ ሶፋ ነበር። ቦራም ከሥራዋ መልስ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አጥፋ እዚያ ትቀመጣለች። በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዟን እየበላች፣ ጀርባውን እያየች፣ የሚሠራውን ትሰማለች። ክፍል የሚስተካከለው ለአንድ ወንበር ነው። ግድግዳ ሥር ደግሞ ቤዝ ያብጣል። ይህን ከቦራም የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ቤዙ ሲያብጥባት በልቧ ትቀንስለትና «ጥሩ ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን ለቀልድ፣ «እኔ እኮ እዚህ ሆኜ የምሰማው ዘፈንህን ሳይሆን የዘፈንህን ጎረቤት ነው» አለችው።

ሃንሶል አልሳቀም። ሶፋውን ረጅም ጊዜ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የሃንሶል አባት ዋንዶ ደሴት ላይ የባሕር አረም ያለማሉ። ወገባቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ጀልባውን የሚረከባቸው ልጅ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሃንሶል እስከ መኸሩ በዓል፣ እስከ ቹሶክ፣ እንዲታገሡት ለምኗቸው ነበር። በመሃል አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ የአንዲት የታወቀች ዘፋኝ ዘፈን ሰጠው፤ ድምፁን አመጣጥኖ ያስረክባል። ከወደዱለት ቋሚ ሥራ ያገኛል፤ ሴኡል ይቀራል፤ ከቦራም ጋር ይጋባሉ። ካልወደዱለት ጀልባው ይጠብቀዋል።

ሊያስረክብ ሲል ከወንበሩ ዞረ።

«ቤዙ በቃው?»

ቦራም ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሶፋው ላይ ልክ ነው። ሶፋው ላይ ልክ ከሆነ ወንበሩ ላይ ቀጭን ነው ማለት ነው ብላ አሰበች።

«ጨምር» አለችው። ጨመረ። «አሁንም ትንሽ።»

ሃንሶል ግራ ገብቶት አያት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ጆሮዬን አታምነውም?»

«ካንቺ ጆሮ ሌላ ምን አለኝ?» አለና ጨመረ።

ኩባንያው ዘፈኑን መለሰው። ጭቃ ነው አሉ፤ ቤዙ ዘፋኟን ውጧታል። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ሃንሶል ጠየቃት። እንጀራዋ መስማት የሆነ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ጨምር ይላል? ቦራም ደግሞ እሷ ከሄደች በኋላ ምን እንደነካካ ጠየቀችው። ምንም አልነካሁም አለ። አላመነችውም። እሱም አላመናትም።

«ምናልባት ሴኡል እንድቀር አልፈለግሽ ይሆናል» አላት።

ቦራም ይህን ከአፉ እሰማለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ጫማዋን አደረገች።

«ክፍሉን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ያንተ ነው።»

ሃንሶል የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ለቹሶክ ወደ ዋንዶ ወረደ፤ አልተመለሰም። ቦራም ይደውላል ብላ የብርዱን ወራት ሙሉ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች። ልትደውል ያነሳችባቸው ቀኖችም ነበሩ፤ ያ ንግግሩ ትዝ ሲላት መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ከዓመታት በኋላ የላውንደሪዋ ባለቤት ደወሉላት። ሃንሶል ትቷቸው የሄደው ስፒከሮች እዚያው ናቸው፤ አዲሱ ተከራይ ግን ድምፁ አልጥም ብሎታል። ቦራም ሌላ ሰው ልትልክ አሰበች። ከዚያ ራሷ ሄደች።

ማይኩን ወንበሩ ላይ አቁማ ፉጨቱን አስለቀቀች። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው መስመር ቤዙ ጋ ሲደርስ ገደል ገባ። ይህ የሷ ሥራ አልነበረም፤ እሷ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ትታ አትወጣም። ማይኩን ይዛ ክፍሉ መሃል ቆመች። ከዚያ ሶፋው ወደነበረበት ግድግዳ ወስዳ፣ እግሯን አጥፋ ስትቀመጥ ጆሮዋ በሚደርስበት ቁመት አቆመችው።

መስመሩ እንደ ተዘረጋ ገመድ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ተከራዩን ይቅርታ ጠይቃ ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደወለች። ቁጥሩን አልቀየረም። ከጀርባው የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«ክፍሉን ለሶፋው አስተካክለኸው ነበር» አለችው።

ማን ነሽ አላለም። «የዘፈንህን ጎረቤት ነው የምሰማው ስላልሽ» አላት ቆይቶ። «ዘፈኑ ሲወጣ ልነግርሽ ነበር። የዚያን ቀንም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥፋቱ ያንተ ነው ስትይኝ ተውኩት።»

«እኔ እኮ ስቀንስልህ ነበር፣ ሃንሶል። ሶፋው ያጋንናል ብዬ ሁልጊዜ ስቀንስልህ ነበር።»

ሞተሩ ጠፋ። ሃንሶል አጥፍቶት መሆን አለበት። ውሃው መሰማት ጀመረ።

«እንግዲያ ሁለታችንም በደንብ ሰምተናል» አለ።

ከሩቅ የሴት ድምፅ፣ «የሶኣ አባት፣ ምሳ ቀርቧል!» ብሎ ተጣራ። ሃንሶል አልመለሰላትም፤ ስልኩንም አልዘጋውም። የዘጋችው ቦራም ናት።

ስትመለስ ተከራዩ፣ «እህቴ፣ የድሮውን ማስተካከያ አጥፍተሽ ለወንበሩ አድርጊልኝ» አላት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ብቻዬን ነኝ አላት።

ከማጥፋቷ በፊት ግን አንድ ዘፈን ልሞክር አለችው። ሃንሶል መጀመሪያ ቀን ያሰማትን ዘፈን ከስልኳ ከፈተችና ሄዳ ባዶው ወለል ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ምንም ሳትቀንስ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሁሉም ነገር በልኩ ነበር። እንባዋን በእጅጌዋ ጠራረገችና ተነስታ የድሮውን ማስተካከያ አጠፋችው።