በስፓኒሽ ብቻ

«በአማርኛ ከመለስሽ አይቆጠርም» አለች ረሂማ፣ ስልኩ ላይ የከፈቱትን የቪዲዮ ትምህርት አቁማ። «ጥያቄው፦ ሩቅ አገር ብትሄጂ ምን ታደርጊ ነበር?»

ጸደንያ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ሌላ ቀን ቢሆን በቀልድ ታጣድፋት ነበር።

ስፓኒሽ የጀመሩት ለክፋት ነው። እናቶቻቸው አማርኛም ዓረብኛም ስለሚሰሙ ምስጢር የሚያወሩበት ቋንቋ አጡ። ዛሬ የደረሱት «ቢሆን ኖሮ እንዲህ አደርግ ነበር» የሚባለው ላይ ነው። ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ መቼም ይህ አይከብደውም፤ ሲያወራ የሚውለው እሱኑ ነው።

ረሂማን የከበዳት ሌላ ነው። ሰሞኑን ፒክአፕ የሚነዳ አንድ ሰውዬ እነጸደንያ ቤት እየገባ ይወጣል። «የቧንቧ ሠራተኛ ነው» ብላታለች ጸደንያ፣ ዓይን ዓይኗን ሳታያት። የምን ቧንቧ? ቧንቧቸው እንደሆነ ደህና ነው። እነረሂማ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ የላቸውም። አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቆመ የማይባልበት ቀን የለም። እናቷ ሰዒዳ ጠዋት «ሰውየው ማን እንደሆነ አጣሪልኝ፤ ካላማረኝ ዛሬውኑ ቤት እንለቃለን» ብላታለች።

ጸደንያ ጠቋሚ ብትሆንስ? ሐሳቡ ራሱ አስጠላት፤ ግን አልለቀቃትም።

ቻርጀሩ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል የአልጋ ልብሱ ተገለጠ። ከአልጋው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ወፋፍራም ብርድ ልብሶች በገመድ ጥፍር ተደርገው ታስረዋል። ሪያድ ውስጥ እንዲህ የታሰረ ብርድ ልብስ አገር ቤት የሚገባ ነው። ለፖሊስ እጃቸውን ሰጥተው አገር ቤት ሊገቡ ነው! ሰውየውም ፍሪጃቸውን ሊገዛ የመጣ መሆን አለበት። የሚሄድ ሰው መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አይልም፤ ወሬው ከቀደመ መንገዱ ይሰናከላል ይባላል።

ረሂማ እፎይ አለች። ወዲያው ጓደኛዋን በመጠርጠሯ አፈረች። ከዚያ ደግሞ ተናደደች። ለእኔም ይደበቃል?

ቀና ስትል ጸደንያ እያየቻት ነው።

«ጸዲ፣ ልትሄዱ...»

«በማርያም አትጠይቂኝ! እማዬ አስምላኛለች» አለች ጸደንያ፣ እናቷ ወለተ ገብርኤል ወዳለችበት ወጥ ቤት እያየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የጥያቄውን መልስ ሰጠች። «ቴ ያማሪያ።» እደውልልሽ ነበር ማለቷ ነው።

ረሂማ የአልጋ ልብሱን ወደ ቦታው መለሰችው። «ኮንቴስታሪያ» አለች፤ አነሳልሽ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ እናቷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ሻንጣው መሬት ላይ ተከፍቷል።

«እሺ፣ ማነው ሰውየው?»

«የቧንቧ ሠራተኛ ነው እማ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ የትም አንሄድም» አለች ረሂማ፣ ሻንጣውን እየዘጋች።